ማንንም የማያምኑት እትዬ ማዘንጊያ

የእትዬ ማዘንጊያን ሞት መጀመሪያ ያየሁት በመሥሪያ ቤታችን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። አላመንሁም። መልእክቱ «አሳዛኝ ዜና፤ ዝርዝሩን ለማንበብ ይህን ይጫኑ» ይላል። ከሥሩ የሳቸው ፎቶ አለ፤ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። የላከው የማላውቀው ቁጥር ነው። አልተጫንሁም። በግሩፑ ውስጥ ካለነው ሠላሳ ምናምን ሰዎች የተጫነ የለም፤ «ነፍስ ይማር» ያለም የለም። የማታውቁትን ነገር አትጫኑ እያሉ ስንት ዓመት ሲቆጡን የኖሩት እሳቸው ራሳቸው ናቸውና።

ከሰዓት በኋላ ግን ልቤ አላርፍ ሲል በገዛ ስልካቸው ላይ ደወልሁ። ያነሣችው የእኅታቸው ልጅ ናት።

«እውነት ነው» አለችኝ። «ዛሬ ንጋት ላይ ነው ያረፉት። ነገ ዘጌ ይቀበራሉ። ጀልባው ጠዋት በሁለት ሰዓት ይነሣል።»

መልእክቱን የላከችውም እሷው ኖራለች። «ማንም ሳይመልስልኝ ሲቀር፣ ባልደረቦቻቸው ረስተዋቸዋል ብዬ አዘንሁ» አለችኝ። እሳቸው ቢሰሙ ግን ደስ ይላቸው ነበር፤ በዚህ አልጠራጠርም።

እትዬ ማዘንጊያ የመሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ ነበሩ። የኮምፒውተር ጥገና ሲባል ሰው የሚጠብቀው ጂንስ የለበሰ ጎረምሳ ነው። እሳቸው አምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀሚሳቸው ቁርጭምጭሚታቸው ድረስ የሚወርድ፣ በጾም ቀን ውኃ እንኳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የማይቀምሱ ሴት ናቸው። አባታቸው ዘጌ ውስጥ የአንድ ደብር መሪጌታና ብራና ጸሐፊ ነበሩ። ማዘንጊያ የሚለው ስም የወጣላቸውም ከሳቸው በፊት የተወለደው ወንድማቸው በሕፃንነቱ ስለሞተ፣ ለእናታቸው ሐዘን ማስረሻ እንዲሆኑ ነው። ወደ ከተማ መጥተው በታይፒስትነት ተቀጠሩ። የመጀመሪያው ኮምፒውተር የመጣ ጊዜ ሌላው ሠራተኛ ሁሉ ሲሸሸው፣ እሳቸው ካቻቢቴ ተውሰው ሽፋኑን ፈትተው ውስጡን አዩት ይባላል። ከዚያ ወዲህ እጃቸው ከመፈታታት አልቦዘነም።

ማንንም አያምኑም ነበር። ወንበራቸውን ጀርባቸው ለግድግዳ፣ ፊታቸው ለበሩ እንዲሆን አድርገው ነው የሚያስቀምጡት። ሻያቸውን ከቤታቸው በፔርሙስ ይዘው ይመጣሉ። መሳቢያቸውን ቆልፈው ሁለት ጊዜ ይስቡታል፤ ደረጃው ጋ ይደርሱና ተመልሰው አንድ ጊዜ ይጨምራሉ። የተበላሸ ኮምፒውተር ሲቀርብላቸው ሦስት ጥያቄ ሳይጠይቁ አይነኩትም፦ «ማን ነካው? መቼ? ምን ሰካበት?» ከዚያ መነጽራቸውን በጣታቸው መታ መታ አድርገው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላሉ።

አንድ ቀን የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ራሳቸው ፍላሽ ይዘው መጥተው አንድ ደብዳቤ እንዲያወጡላቸው ጠየቋቸው። እትዬ ማዘንጊያ ከመቀመጫቸው ተነሥተው እጅ ነሡና፣ «ጌታዬ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ፍላሽዎን ግን አላውቀውም» አሏቸው። ኃላፊው ስቀው ተመለሱ። እኛ ግን አልሳቅንም፤ ለኃላፊ ያልሳሱ ለማን ይሳሳሉ?

የሚያምኑት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጋር የምትንጠለጠል ጥቁር ፍላሽ። ኮምፒውተር የሚያጸዱበትን፣ አዲስ የሚጭኑትን ፕሮግራም ሁሉ የያዘች ናት። ጎኗ ላይ ጥፍር የምታክል መቆለፊያ አለቻት። እሷን ወደ ታች ሲገፏት ፍላሿ ትነበባለች እንጂ ምንም ነገር አይጻፍባትም። «ይቺ ድንግል ናት» ይሉ ነበር፤ በሁለት ጣታቸው ይዘው እያሳዩን።

እኔ በዚያ ጊዜ በሐይቁ ዳር ያለ የአንድ ቀበሌ የመሬት ይዞታ መዝገብ ወደ ኮምፒውተር የማስገባ ሠራተኛ ነበርሁ። የገበሬው ስም፣ የማሳው ስፋት፣ አዋሳኞቹ፤ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ ሐይቁ። ስምንት ወር የፈጀ ሥራ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ የሐይቁን ዳር ወሰን የሚያጣራ ኮሚቴ ይመጣል ተብሎ ነበር። ስሙ በመዝገቡ የተገኘ ገበሬ ይዞታው ይጸናለታል፤ ያልተገኘው «ማስረጃ አምጣ» ይባላል። ሐይቁ ዳር ያለች ቁራሽ መሬት ስንት ዓይን እንደሚያርፍባት ለባሕር ዳር ሰው አይነገረውም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሬን ስከፍት ፎልደሮቼ በሙሉ ጥጋቸው ላይ ትንሽ ቀስት አብቅለው ጠበቁኝ። አንዱን ተጫንሁት፤ አይከፈትም። ሌላውንም፤ አይከፈትም። መጠባበቂያ ቅጂ የያዘው ዲስክ እዚያው ተሰክቶ ስላደረ እሱም እንደዚያው ሆኗል። ሮጬ እትዬ ማዘንጊያ ክፍል ገባሁ።

«ማን ነካው?» አሉ ከወንበራቸው ሳይነሡ።

«ማንም።»

«መቼ ነው የታመመው?»

«ትናንት ማታ ስዘጋው ደኅና ነበር።»

«ምን ሰካህበት?»

«ምንም።»

መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ትክ ብለው አዩኝ። ዋሽቼ ነበር። ቅዳሜ ፔዳ፣ ዩኒቨርሲቲው ጋ፣ ካለ ኮፒ ቤት ፊልም ያስገለበጥሁባትን ፍላሽ ሰክቼ፣ ሰኞ በምሳ ሰዓት ግማሹን አይቻለሁ። የስምንት ወር ሥራ ጠፍቶ «ፊልም ሳይ ነው» ማለት አልሆነልኝም።

መጥተው ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። ጥቁር መስኮት ከፍተው፣ በጽሕፈት መኪና ዘመን እንደለመዱት ቁልፎቹን እየደበደቡ አንድ መስመር ጻፉ። ጥቂት ቆይቶ ፎልደሮቼ ደብዘዝ ብለው አንድ በአንድ ብቅ አሉ። እውነቴን ነው፣ ላለቅስ ጥቂት ነው የቀረኝ።

«አልሞቱም፤ ተሸሽገው ነው» አሉኝ። «ቫይረሱ እውነተኞቹን ደብቆ በየስማቸው የውሸት በር ሠርቶባቸዋል። በራሴ ፍላሽ አጽድቼዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ምንም እንዳትሰካ።»

ረቡዕ ጠዋት ቀስቶቹ ተመልሰው መጡ።

በዚህ ጊዜ እትዬ ማዘንጊያ ጨከኑ። መዝገቡን ወደ ሌላ ዲስክ አውጥተው፣ ኮምፒውተሩን ሙልጭ አድርገው አጥፍተው፣ ከአንገታቸው ፍላሽ ሁሉንም እንደ አዲስ ጫኑ። ማታ ስንለያይ ደኅና ነበር። በማግስቱ ስንከፍተው ታሞ አገኘነው። እንደገና አጠፉት፤ እንደገና ታሞ አደረ። ይባስ ብሎ በየዙሩ ጥቂት ፋይል እየተበላሸ ሄደ። ሲከፈት በገበሬው ስም ፈንታ ሰው የማያነበው ምልክት ብቻ ይዘረገፋል። የአንድ ጎጥ ገበሬ በሙሉ እንዲህ ሆኖ ጠፋ።

ያን ጊዜ ነው ቢሮው የከፋው። ይህ ቫይረስ ሳይሆን ሰው ነው ተባለ። ሐይቁ ዳር ያለውን መሬት የሚፈልጉ ባለገንዘቦች ሰው አስገብተዋል፣ ኮሚቴው ሳይመጣ መዝገቡ እንዲጠፋ ነው ተባለ። ሻይ ክበብ አብሮ መቀመጥ ቀረ። ሰው ስልክ ሲደወልለት ወጥቶ ያነሣል፤ ወጥቶ ሲያነሣ ደግሞ «ለምን ወጣ?» ይባላል። አለቃችን አቶ ክንዱ የሠራተኛውን ቦርሳ በበር ላይ ማስፈተሽ ጀመሩ።

ጥርጣሬው ዞሮ ዞሮ ያረፈው ሰላማዊት ላይ ነው። ሰላማዊት የእንፍራንዝ ገበሬ ልጅ ናት። በኮንትራት ተቀጥራ ከኔ ጋር መዝገብ ታስገባለች፤ ማታ ማታ ፔዳ ትማራለች። የመመረቂያ ጽሑፏን በምሳ ሰዓት በኔ ኮምፒውተር ላይ ትጽፍ ስለነበር ፍላሿን ስትሰካ ሁሉም ሰው አይቷታል። በዚያ ላይ ሁለት ጊዜ ነጭ መኪና በር ላይ ሲያወርዳት ታይታለች። የአክስቷ ባል መኪና ነበር፤ ይህን ግን ለማወቅ የጠየቃት ሰው የለም።

አቶ ክንዱ የምርመራ ኮሚቴ አቋቁመው ሁላችንም የምናውቀውን በጽሑፍ እንድንሰጥ አዘዙ። ጥያቄው አጭር ነው፦ በኮምፒውተሩ ላይ ማን ምን ሰካ? እኔ «ሰላማዊት በምሳ ሰዓት ፍላሽ ስትሰካ አይቻለሁ» ብዬ ጻፍሁ። እውነት ነው። ቀጥዬ «እኔ ምንም ሰክቼ አላውቅም» ብዬ ጻፍሁና ፈረምሁ።

በማግስቱ እትዬ ማዘንጊያ ክፍላቸው ጠሩኝና በሩን ዘጉ። ባለመስመር ደብተር ከመሳቢያቸው አወጡ።

«ኮምፒውተር የተሰካበትን ነገር ሁሉ ስሙን ጽፎ ያስቀምጣል፤ ይህን ታውቃለህ?» አሉኝ።

አላውቅም ነበር።

«ከማጥፋቴ በፊት ሁሉንም በእጄ ገልብጬ አስቀርቼዋለሁ።» ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እየነዱ ወረዱ። «ይቺ የመጠባበቂያው ዲስክ ናት። ይቺ የሰላማዊት ናት፤ ጠይቄ አይቻታለሁ። ይቺ የእኔ ናት። ይቺስ?»

ጣታቸው ቆመ።

«የኔ ናት» አልሁ።

«ለኮሚቴው ምን ብለህ ጻፍህ?»

«አልሰካሁም ብዬ።»

ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ደብተሩን አጥፈው ወደ መሳቢያው መለሱትና ቆለፉ፤ ሁለት ጊዜ ሳቡት።

«እንግዲያ ሄደህ አቅናው» አሉኝ። «እኔ አልናገርብህም። አፍ አለህ።»

አላቀናሁትም። ዛሬ፣ ነገ ስል ዓርብ ደረሰ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ለሰላማዊት «ጉዳዩ እስኪጣራ ከሥራ ታግደሻል» የሚል ደብዳቤ ተሰጣት። ዕቃዋን በፌስታል ይዛ ስትወጣ ኮሪደር ላይ አገኘችኝ። ዓይኗ ቀልቷል።

«አንዱዓለም፣ እውነት የኔ ፍላሽ ይሆን እንዴ?» አለችኝ።

«እንጃ» አልኋት።

ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ጠራ። እትዬ ማዘንጊያ ናቸው። «ቢሮ ና» አሉና ዘጉት። ስደርስ ግቢው ጭር ብሏል፤ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ብቻ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያንኳኳል። ክፍላቸው ውስጥ የታመመው ኮምፒውተር ጥግ ላይ ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ ካርቶኑ ያልተቀደደ አዲስ ላፕቶፕ አለ፤ ለሌላ ክፍል ሊሰጥ ከዕቃ ግምጃ ቤት የወጣውን ፈርመው ነው የወሰዱት።

«ለምን ጠሩኝ እትዬ?»

«ለምስክር።»

ተቀመጡ። ፊታቸው ያልተኛ ሰው ፊት ነው።

«ኮምፒውተሩን በዚህ ሳምንት ረቡዕ ወደዚህ አመጣሁት» አሉ። «የኔትወርክ ገመዱን ነቀልሁ። አጠፋሁት፣ እንደገና ጫንሁት። የበሩን ቁልፍ ቀይሬ፣ አዲሱን ቁልፍ ይዤ ቤቴ ሄድሁ። ሐሙስ ጠዋት ስከፍተው ታሞ አገኘሁት። ከእኔ በቀር ማንም አልገባም።» «ከእኔ በቀር» አሉ እንደገና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አልገባኝም። እሳቸው ቀጠሉ።

«አባቴ መጽሐፍ ሲያስገለብጡ፣ አንድ ጊዜ በሦስት ተማሪዎች ቅጂ ላይ አንድ ዓይነት ግድፈት ተገኘ። ተማክራችሁ ነው ብለው ዱላ አነሡ። መምታት ከመጀመራቸው በፊት ግን ልጆቹ የገለበጡበትን እናት መጽሐፍ አስመጡ። ግድፈቱ እዚያ ኖሯል። ያን የጻፉት ደግሞ አባቴ ራሳቸው ናቸው። ዱላውን ሰብረው ጣሉት። ሌሊቱን ይህ ነገር ትዝ አለኝና እንቅልፍ ነሣኝ።»

ካርቶኑን ቀድጄ ላፕቶፑን እንዳወጣው አዘዙኝ። ከፈትነው። ንጹሕ ነው፤ የሚሠራውን ፕሮግራም ሁሉ አንድ በአንድ እየጠሩ እኔን አስቆጠሩኝ። ከዚያ ያቺን ጥቁር ፍላሽ ከአንገታቸው አውልቀው ሰኳት። ከውስጧ አንድ ፕሮግራም ብቻ ጫኑ፤ የአዲሱን ማተሚያ ማሽን ፕሮግራም። ላፕቶፑን አጠፉት። መልሰው አበሩት።

የሚሠሩትን ፕሮግራሞች የሚያሳየውን መስኮት ለመክፈት ሞከሩ። እንቢ አለ። አንድ ፎልደር ሠርተው ዘጉት፤ ሲመለሱ ቀስት አብቅሏል።

ፍላሿን ነቅለው መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው አዩዋት።

«ባለፈው ወር የዚህ ማሽን ፕሮግራም ቸግሮኝ ፔዳ ኮፒ ቤት ሄድሁ» አሉ። «መቆለፊያዋን ከፈትሁ። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ተቀብዬ መልሼ ቆለፍኋት። ያን ቫይረሱ ከመታየቱ በፊት ባለው ሰኞም ይህንኑ ፕሮግራም ካንተ ኮምፒውተር ላይ የጫንሁት እኔ ነኝ። ሌባ እንዳይገባ ብዬ ቆለፍሁ፤ ለካ የገባውን ሌባ ቆልፌ ተሸክሜው ኖሬአለሁ። ስለተቆለፈች ደግሞ የሚያጸዳ ፕሮግራም ቢያገኘው እንኳ አያነሣው።»

የተሰማኝን እናገራለሁ፤ ደስ አለኝ። የኔ ፍላሽ አይደለም ማለት ነው። ወዲያው ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣልኝ።

«እትዬ» አልሁ፣ «ማንም እኮ አላየም። ሌላ ንጹሕ ፕሮግራም ፈልገን ኮምፒውተሩን እናድነው። ሰላማዊትንም ማስረጃ አልተገኘም ብለው ይመልሷታል። ለጡረታዎ የቀረዎት ሁለት ዓመት ነው። ለምን ብለው…»

«ማንም አላየም?» አሉኝ። «አንተን ምን ላድርግህ?»

«እኔ ለማንም አልናገርም።»

«አውቃለሁ፤ አትናገርም። አለመናገርህን አይቼዋለሁ» አሉ። አንገቴን ደፋሁ። «ለምን እንደጠራሁህ አሁን ይግባህ። ብቻዬን ሆኜ ባየው ኖሮ፣ አሁን አንተ ያልኸውን ለራሴ እለው ነበር። ልጄ፣ እኔ ራሴንም አላምንም።»

ሰኞ ጠዋት በአቶ ክንዱ ቢሮ ሁላችንም ተሰበሰብን። እትዬ ማዘንጊያ ያቺን ፍላሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። አንገታቸው ላይ ማተባቸው ብቻ ቀርታ ስናያቸው አንዳች ነገር እንደሆነ ገባን። ሳይቀመጡ፣ ሳያስረዝሙ ተናገሩ። ፔዳ መሄዳቸውን፣ መቆለፊያውን መክፈታቸውን፣ ሰኞ መጫናቸውን፣ አራት ጊዜ አጸዳሁ ባሉ ቁጥር አራት ጊዜ መልሰው መበከላቸውን።

አቶ ክንዱ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰው ስናምስ!» አሉ። «ቦርሳ ስናስፈትሽ! እርስዎ እኮ ያልጠረጠሩት ሰው የለም፣ ወይዘሮ ማዘንጊያ!»

«አንድ ሰው ቀርቶኝ ነበር» አሉ እትዬ። «ልጅቷን ዛሬውኑ መልሷት።»

እኔ ከኋላ ተቀምጫለሁ። አሁን መነሣት ይቻል ነበር። «እኔም ዋሽቻለሁ» ማለት ሁለት ቃል ነው። እትዬ ማዘንጊያ ወደኔ አልዞሩም፤ ዞር ቢሉ ኖሮ ምናልባት እነሣ ነበር እያልሁ ስንት ጊዜ በሳቸው አሳብቤአለሁ። አልተነሣሁም።

የወሰን ኮሚቴው እስኪመጣ የቀረን አንድ ሳምንት ነው። እትዬ አንድ የፔዳ መምህር ዘንድ ሄደው፣ ማጽጃውን አንድ ጊዜ ከተጻፈበት በማይለወጥ ሲዲ ላይ፣ ዓይናቸው እያየ አስጻፉ። መምህሩን «ኮምፒውተርዎ ንጹሕ ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለዎት?» ብለው አስቆጥተዋቸው ነበር አሉ። ኮምፒውተሩ በሲዲው ተነሥቶ ሌሊቱን ሲታጠብ አደረ። ጠዋት ከፈትነው፤ ቀስት የለም። አጥፍተን ከፈትነው፤ የለም። አሥር ጊዜ አጥፍተው ሲከፍቱ ቆጥሬአለሁ። ፎልደሮቹ ሁሉ ወጡ፤ የተበላሸው የዚያ አንድ ጎጥ መዝገብ ግን ሊድን አልቻለም።

እሱን ሦስታችን ከመስክ መዝገብ ላይ እንደገና አስገባነው። የመስክ መዝገብ ማለት ለኪው ሠራተኛ በየማሳው ድንበር ቆሞ በእርሳስ የሞነጫጨረው ደብተር ነው፤ ግማሹ ዝናብ የነካው፣ ግማሹ ጭቃ። እትዬ ያነባሉ፣ ሰላማዊት ትጽፋለች፣ እኔ አመሳክራለሁ። እያንዳንዱን ስም ጽፋ በጨረሰች ቁጥር እትዬ «ድገሚው» ይሏታል፤ እሷም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትደግማለች። በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ እትዬ ማንበባቸውን አቁመው «ሰላማዊት፣ በድዬሻለሁ» አሏት። ሰላማዊት ከስክሪኑ ዓይኗን ሳትነቅል «ይቀጥሉ እትዬ፣ አዋሳኙ ማን ነው?» አለቻቸው። ድምፅዋ ግን ተሰብሮ ነበር። እኔ ያን ጊዜም ዝም አልሁ።

ኮሚቴው መጣ። ገበሬዎቹ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ ስማቸው ሲነበብ «አቤት» እያሉ አንድ በአንድ ሲነሡ፣ እትዬ ማዘንጊያ መስኮቱ አጠገብ ቆመው በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር። የዚያ ጎጥ ተራ ሲደርስ ከንፈራቸው ከአንባቢው ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል። ሁሉም ተነሡ። ስሙ የቀረ አልነበረም።

ምስጋና አልተጻፈላቸውም። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈላቸው። ከጥገና ክፍል ተነሥተው መዝገብ ቤት ተመደቡ፤ የገባ ደብዳቤ ቁጥር እየሰጡ ወደየክፍሉ የሚመሩበት ቦታ። ቁልፋቸውን ለአዲስ ለመጣ ወጣት አስረከቡ። ለዚህ ልጅ ሲያስረክቡ የነገሩትን ሰምቻለሁ፤ «ሦስቱን ጥያቄ ከመጠየቅህ በፊት አንድ ጨምርበት። መጀመሪያ እኔ ምን ነካሁ በል።» ልጁ ነገሩ ሳይገባው «እሺ እናቴ» አላቸው።

መዝገብ ቤትም ሄደው አመላቸውን አልተዉም። እያንዳንዱን ማኅተም ወደ ብርሃን ዘርግተው ካላዩ ደብዳቤ አይቀበሉም። አንድ ቀን ደብዳቤ ላመጣ ገብቼ ማንም አልነበረም።

«ለሰላማዊት ነገርሃት?» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

«አልነገርኋትም።»

«ጊዜ አለህ» አሉና ቁጥሩን ጽፈው ሰጡኝ።

ከዚያ በኋላ ደግመው አልጠየቁኝም። ሁለት ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጡ። ሰላማዊት ተመርቃ ጎንደር ሥራ አገኘችና ሄደች። እኔ ደረጃ አድጌ፣ በአቶ ክንዱ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። በበዓል ቀን ለእትዬ እደውላለሁ፤ ደኅንነቴን ይጠይቁኛል፣ ስለ ኮምፒውተሮቹ ይጠይቁኛል። ስልኩን ስዘጋ ሁልጊዜ አንድ ነገር ሳልል የቀረሁ ይመስለኛል።

የቀብራቸው ዕለት በጀልባ ዘጌ ተሻገርን። ነፋሱ ከባድ ስለነበር ካህናቱ ጥምጥማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ጃንጥላው ታጥፎ ነው የሄድነው። ከወደቡ እስከ ደብሩ በቡና ዛፎቹ መካከል ያለውን አቀበት ሬሳውን እየተቀባበልን ወጣን። ፍትሐቱ አልቆ፣ አፈሩ ተመልሶ፣ ሰው ሲበተን ወደ ወደቡ ወረድሁና ድንጋይ ላይ ጥቁር ነጠላ የለበሰች ሴት ተቀምጣ አየሁ። ሰላማዊት ናት። ከጎንደር ማልዳ ተነሥታ የደረሰችው ለግብዓተ መሬቱ ነው። ጫማዋን አውልቃ ጭቃውን በእንጨት ትፍቃለች።

አጠገቧ ተቀመጥሁ። እንዴት ነሽ፣ እንዴት ነህ ተባባልን። ልጆች ስንት ደረሱ ተባባልን። ከዚያ ወሬው አለቀ። እሳቸው በሕይወት እያሉ ስንት ዓመት ያቃተኝ ነገር በዚያ ዝምታ ውስጥ ከአፌ ወጣ።

«ሰላማዊት፣ ያኔ ለኮሚቴው ምንም አልሰካሁም ብዬ የጻፍሁት ውሸት ነው። እኔም ፍላሽ ሰክቼ ነበር። ያንቺን ብቻ ጽፌ የኔን ሸሸግሁ።»

ቀና ብላ አላየችኝም። ጭቃውን መፋቋን አልተወችም።

«አውቃለሁ» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«እሳቸው። ከእገዳው የተመለስሁ ዕለት። ‹ራሱ መጥቶ ይነግርሻል፤ እስኪመጣ ድረስ እንዳላወቀ ሰው ሁኚለት› አሉኝ።»

የጀልባው ሞተር ተነሣ፤ ሰዎች መሳፈር ጀመሩ። ሰላማዊት ጫማዋን አጥልቃ እንጨቱን ወረወረችና ተነሣች።

«በየበዓሉ ስደውልላቸው ‹መጣ ወይ?› ይሉኛል» አለች፣ ነጠላዋን እያጣፋች። «‹አልመጣም› እላቸዋለሁ። ‹ይመጣል› ይላሉ። ባለፈው ፋሲካ እንኳ፣ ታመው ድምፃቸው ሳይሰማ፣ ‹ይመጣል› አሉኝ።»

ሁለት እርምጃ ወደ ጀልባው ሄዳ ዞር አለች።

«እኔስ አይመጣም ብዬ ነበር።»